ፈላጊ ያጣ ደጋፊ

በጥር 2069 ዓ.ም. በተከፈተው የደጋፊዎች ዝውውር መስኮት ከአዳማ ሦስት ሰዎች ተሸጡ። ኢዮስያስ ደረጀ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ጓደኛው ሮቤራ ቶሎሳ ግን ነበር።

ኢዮስያስ ወሬውን የሰማው ሥራ ላይ ሆኖ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ መነጽር ይሠራል። የአንዲት አስተማሪን መነጽር ጠርዝ እየሞረደ ሳለ የእጁ አምባር ሁለት ጊዜ ነዘረ። «ካስልሞር ከሃርስዌል አዳማ ቤት ደጋፊ ቁጥር 15ን ለሦስት የውድድር ዘመን አስፈርሟል» ይላል መልእክቱ። ቁጥር 15 ሮቤራ ነው። ቁጥር 14 እሱ ራሱ ነው። መስታወቱን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ መልእክቱን ደግሞ አነበበው። ቁጥር ተሳስተው ይሆናል ብሎ ጥቂት ጠበቀ። እርማት አልመጣም።

ባለሀብቶች የእንግሊዝን ክለቦች እየተሻሙ በሚገዙበት ዘመን መጀመሪያ የገዙት ስታዲየሙን፣ ስሙንና ተጫዋቾቹን ነበር። ተጫዋች በሠላሳ አራት ዓመቱ እንደሚያበቃ፣ ደጋፊ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ እንደሚያገለግል የተገለጠላቸው ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋፊ ይመዘገባል፣ አምባር ያስራል፣ ቤት ይመደብለታል። በኢዮስያስ ወጣትነት ማንም ገብቶ ሻይ አዝዞ የፈለገውን ቡድን የሚያይባቸው የኳስ ቤቶች ዛሬ እያንዳንዳቸው የአንድ ክለብ ናቸው። በር ላይ አምባር ይነበባል፤ የሌላ ክለብ ሰው አይገባም። ሃርስዌል በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ባለው ስታዲየም ውስጥ በአካል የሚቀመጠው ሰው ጥቂት ነው። ጩኸቱ ከአዳማ፣ ከጃካርታና ከሌጎስ ይሄዳል። የአዳማ ድምፅ የሚሰማው በስተግራ ካለው ጎል ጀርባ ነው። ኢዮስያስ ይህን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገር ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሃርስዌልን ደግፏል። በነዚህ ዓመታት ክለቡ አምስት ጊዜ ባለቤት ቀይሯል፤ የመርከብ ነጋዴዎች ገዙት፣ የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ገዙት፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾችም ገዝተውት ነበር። እያንዳንዱ ባለቤት የማሊያውን ቀለም ለውጧል። ኢዮስያስ አምስቱንም ማሊያ ቁም ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጧል። ጨዋታ አምልጦት አያውቅም። የሠርጉን ቀን እንኳ የቆረጠው ሃርስዌል በማይጫወትበት ሳምንት ነው። ባለቤቱ ሶልያና ይህን ያወቀችው ከተጋቡ በኋላ ነው።

ሮቤራን ወደ ሃርስዌል ቤት ያመጣው እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሮቤራ ከባድ ሐዘን ደርሶበት ከቤት አልወጣም ባለ ጊዜ፣ ኢዮስያስ እጁን ይዞ ወስዶ አጠገቡ አስቀመጠው። ሮቤራ ወፍጮ ቤት አለው። ዕድሜውን በሙሉ ከወፍጮ ጩኸት በላይ ሲናገር ስለኖረ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሰላምታው ራሱ መንገድ ይሻገራል። ኳስ ግን አያውቅም። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ቢያስረዱትም አልገባውም። ጎል ሲገባ ብድግ ብሎ ይጮሃል፤ ሲገባበትም ይጮሃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ እንባውን ይጠርጋል። ኢዮስያስ እጁን አጣምሮ ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ከሁለቱ ደጋፊው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ይመስለው ነበር።

ሮቤራ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ወደ ሱቁ መጣ። ሳይጠይቁት እንደሸጡት፣ ጠዋት ወፍጮውን ሊያስነሳ ሲል እንደሰማ ነገረው። ደንቡ ይታወቃል። ደጋፊ እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ያለ ሰው ግን አምባሩ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቤት አይቀበለውም። ካስልሞር በዓመት አንድ ጊዜ እንግሊዝ ሊወስደው ቃል ገብቷል። ፊቱም በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ይሳላል።

«አንተ ካልክ እተወዋለሁ» አለ ሮቤራ። «ከልቤ ነው፣ ኢዮሲ። ወስደህ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ፤ ተነስ ካልከኝ እነሳለሁ።»

በኢዮስያስ ጭንቅላት የሚመላለሰው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ለምን እሱን? ጓደኛው አጠገቡ እንደማይቀመጥ፣ ቅዳሜዎቹ ባዶ እንደሚሆኑ፣ እነዚህ በኋላ የመጡ ሐሳቦች ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው። «ዕድል ሲመጣ እምቢ አይባልም።»

ደንበኛ በሚሸኝበት ድምፅ ነው ያለው። ሮቤራ ከመሄዱ በፊት ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አሳየው። ውሉ ከጸና ጀምሮ በፎቶዎቹ ውስጥ ያለው የሃርስዌል ነገር ሁሉ ግራጫ ሆኗል። በአንደኛው ሁለቱ ተቃቅፈው ቆመዋል። ኢዮስያስ ማሊያ ለብሶ ስለነበር ፊቱ ብቻ ቀርቶ ከአንገቱ በታች ግራጫ ነው።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሃርስዌል ቤት ሄደ። የቤቱ ኃላፊ ህሊና የምትባል ሴት ናት፤ በልጅነቷ መነጽር የሠራላት እሱ ስለሆነ ጋሼ ትለዋለች። መዝገቡን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ደጋፊ መዝገቡን የማየት መብት አለው፤ መብቱን የሚጠቀም ግን ብዙም የለም። ህሊና ቢያየው ለሱ ጥሩ እንዳልሆነ በዘዴ ልትነግረው ሞከረች። እሱ አልተነሳም።

የመገኘት ነጥቡ ሙሉ ነው። የእውቀት ነጥቡ ከምሥራቅ አፍሪካ አንደኛ ነው። ሦስተኛው መስመር የልቡ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ልብዎ ጸጥ ያለ ነው፣ ጋሼ» አለች ህሊና። «ጎል ሲገባም፣ ሲገባብንም።»

«እኔ በውስጤ ነው።»

«አምባሩም የሚያየው ውስጥ ነው።»

ከታች አንድ ሌላ ነገር ተጽፎ አየ። ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ዓይኗን ከሱ አንስታ ነገረችው። ክለቡ በሦስት የዝውውር መስኮቶች ለሽያጭ አቅርቦት ነበር። አንድ ጊዜ ከሌሎች ጋር ተደርቦ በምርቃት መልክ ቀርቧል። በሦስቱም ፈላጊ አልተገኘም።

ኢዮስያስ አመስግኗት ወጣ። ያን ቀን ሱቁን መልሶ አልከፈተም። ለሶልያና ራት ላይ ሲነግራት ስለ ሮቤራ መሸጥ ብቻ ነገራት፤ ስለራሱ አለመሸጥ አልነገራትም። ሶልያና መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ሰው የሚናገረውን ሳይሆን የሚያልፈውን መስማት ለምዳለች። ቅር ብሎህ ነው ወይ ስትለው ምን ቅር ይለኛል አላት። እንጀራውን ሲቆርስ እጁ ይጣደፍ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ኢዮስያስ መጮህ ጀመረ። ከጨዋታው በፊት ከጎን ያለውን ሕንፃ ደረጃ አራት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ እያለከለከ ይገባል። የልቡ መስመር ለአሥር ደቂቃ ይነሳና ይተኛል፤ አምባሩ ደረጃን ከኳስ ይለያል። ጎል ሲገባ ቆሞ ይጮሃል፣ ሲገባባቸው ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። በአራተኛው ሳምንት ህሊና ወደ ጥግ ወስዳ እንዲተወው ለመነችው። ጩኸቱ ከሌላው ሰው በአንድ ሰከንድ እንደሚዘገይና እንግሊዝ ያለው ስታዲየም ውስጥ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ብቻውን እንደሚሰማ አስረዳችው። ቅሬታ መጥቷል። ኢዮስያስ ተመልሶ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ከጎኑ ያለው ወንበር ገና ሰው አልተመደበበትም።

የካስልሞር ቤት ከባቡር ጣቢያው ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ መንገደኛው እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ካስልሞር እሑድ ሲጫወት ኢዮስያስ ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት በር ላይ መቆም ጀመረ። ጭማቂ ያዛል፣ አይጠጣውም። ሮቤራ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከክለቡ የተሰጠውን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል። ሰዎች ሲያልፉ ትከሻውን ይነኩታል። ጎል ሲገባ ብድግ ይላል፣ አፉ ይከፈታል፣ ከመስታወቱ ማዶ ድምፅ አይሰማም። ከዚያ ይቀመጥና እንባውን ይጠርጋል።

ለሃርስዌል ያለቀሰውን ያንኑ ለቅሶ ነው የሚያለቅሰው። ኢዮስያስን ያንገበገበው ይህ ነበር። ሰውየው ውሸታም ነው አለ በልቡ፤ ወይ ዛሬ ይዋሻል ወይ ያኔ ይዋሽ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ ቆመ። ልብ ሲነሳ አብሮ የሚሞቀው አምባሩ በነዚያ እሑዶች ሞቅ እንደሚል አላስተዋለም።

በሚያዝያ ሮቤራ ራሱ ወደ ሱቁ መጣ። የውሉ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ የንባብ መነጽር ያስፈልገዋል። ከኢዮስያስ ሌላ ሰው ጋ መሄድ አልታሰበውም። ኢዮስያስ መስታወት እየቀያየረ ፊደል ያስነብበው ጀመር። ሮቤራ ፊደሉን ማንበቡን ተወና ማውራት ጀመረ። እንግሊዝ ሄዶ መጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፊቱ ከገዛ አፍንጫው ያንሳል። የካስልሞርን በረኛ ስም እስካሁን አልያዘውም። አንዳንድ ቅዳሜ በሃርስዌል ቤት በኩል ሲያልፍ በሩ ጋ ቆም ብሎ ውጤት ይሰማል።

«ለነዚህ ሰዎች ልቤ አይመታም» አለ።

«ታዲያ እንዴት ታለቅሳለህ?»

ሮቤራ መነጽሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ሌላ ነገር ነው የማስበው» አለ።

ምን እንደሆነ ኢዮስያስ አልጠየቀውም። ጓደኛ ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን የሚፈልገውን ሰምቶ ጨርሷል። መነጽሩን ለሐሙስ ቀጠረው፣ በሐሙስም በጥሩ ሁኔታ ሠርቶ አስረከበው። ከዚያ ለካስልሞር ጥቆማ ላከ፤ ስሜት ማጭበርበር የሚለው ከጥፋቶቹ ዝርዝር ሁለተኛው ነው። ቅጹ የጥቆማውን ምክንያት ይጠይቃል፤ ሦስት ምርጫ አለ። ለእግር ኳስ ክብር የሚለውን መረጠ።

የጥቆማው ማጣሪያ በግንቦት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በካስልሞር ቤት ተደረገ። በደንቡ መሠረት ጠቋሚው የሌላ ክለብ ሰው ቢሆንም በአካል ይገኛል፣ አምባሩም ይነበባል፤ ስሙም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኢዮስያስ ይህን ያወቀው ከላከው በኋላ ነው። ስሙ ሲነበብ ሮቤራ ዞሮ አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ በኋላ አላየውም።

ያነበበው የቤቱ ኃላፊ ናሆም ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ አዲስ የሚመስል ትሁት ሰው። ከሱ ኋላ በግድግዳው ስክሪን ላይ ከካስልሞር ባለሀብቶች አንዷ ነበረች። የት አገር እንዳለች አልተነገረም። ብርቱካን እየላጠች ነበር። ስትናገር ቃሏ ተተርጉሞ በጥሩ አማርኛ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ ይመጣል፤ የከንፈሯ እንቅስቃሴና ድምፁ አይገጥሙም።

ናሆም ጥቆማው እውነት እንደሆነ ሮቤራን ጠየቀው። ሮቤራ እውነት ነው አለ። ለካስልሞር ምንም እንደማይሰማው፣ ለሃርስዌልም ቢሆን ከቤቱና ከሰዉ በቀር ለኳሱ ብዙ ተሰምቶት እንደማያውቅ ነገራቸው። ታዲያ ምን እንደሚያስብ እንዲናገር ተጠየቀ። መጀመሪያ አልናገርም አለ። ካልተናገረ ውሉ እንደሚሰረዝና የደጋፊነት ስሙ ለዘለዓለም እንደሚታገድ ናሆም በለሆሳስ አስረዳው። ሮቤራ እጆቹን አገላብጦ አየ።

«ልጄን ነው» አለ። «ሲፈን ነበር ስሟ። ስድስት ዓመቷ ነበር።»

ከዚያ የተናገረው ረጅም አልነበረም። ክረምት ነው፤ ከተራራው የወረደው ጎርፍ የሰፈሩን ቦይ ጥሶ ገባ። ልጅቷ ከጎረቤት እየተመለሰች ነበር። ሰዎች ሮጠው ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ መጥተው ጠሩት። ወፍጮው ይሠራ ስለነበር አልሰማም። አንድ ሰው ጎርፉ ውስጥ ገብቶ አወጣት፤ ግን ዘግይቶ ነበር።

«ከሷ በኋላ ሰው ወዳለበት ወሰዱኝ» አለ። «ጎል ሲገባ ሁሉም ይጮሃል። ያን ጊዜ እኔ እሷን እጠራለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ስሟን ማንም አይለየውም። ጠርቼ እቀመጣለሁ።»

ኢዮስያስ ሃያ ዓመት አጠገቡ ተቀምጧል። የዚያን ጩኸት ቃል አንድ ቀን እንኳ አልሰማውም፤ ለመስማትም አልሞከረም። አሁን የተሰማውን በኋላ ለሶልያና ሊነግራት ሲሞክር ሐፍረት ነው አላት። ግን ሐፍረት ብቻ አልነበረም። እዚያ ተቀምጦ እንኳ፣ ሰውየው የሚጠራው ስም እንዳለው፣ እሱ ግን የሚጠራው እንደሌለ አስቦ ቀንቷል።

ባለሀብቷ የብርቱካኗን አንድ ክፋይ በላች። «በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ሊያስቧት ይችላሉ?» ሲል የዜና አንባቢው ድምፅ ጠየቀ።

መልስ አልጠበቀችም። ጥቆማው ውድቅ ሆነ። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ክለቡ የስሜትን ምንጭ አይጠይቅም ተባለ። ውሉ በሁለት ዓመት እንዲራዘም ወዲያው ተወሰነ። ሮቤራ ተነስቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ኢዮስያስም ሊወጣ ሲል ናሆም ቆይ አለው። ባለሀብቷ ሌላ ነገር እያየች ነበር። ግድግዳው ላይ ከሮቤራ መስመር ጎን ሌላ መስመር ተዘርግቷል፤ ከፍ ብሎ፣ ሳይወርድ ቆሟል። ኢዮስያስ የማን እንደሆነ አላወቀም። ከሥሩ ያለፉት እሑዶች ተደርድረዋል፤ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ የቆመባቸው እሑዶች። በሁሉም መስመሩ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«ይህ ሰው የማን ነው?» አለች ባለሀብቷ።

«የሃርስዌል ነው፣ እመቤቴ» አለ ናሆም። «ፈላጊ የለውም።»

«አሁን አለው» አለች።

በሐምሌ መስኮት ኢዮስያስ ደረጀ ከሃርስዌል ወደ ካስልሞር ተዛወረ። ህሊና ስትሸኘው እጁን በሁለት እጇ ይዛ እንኳን ደስ ያለዎት አለችው። ሶልያና ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። የመቀመጫው ቦታ በውሉ ተጽፏል፤ ከፊተኛው ረድፍ በጎን፣ የሮቤራ ቶሎሳ ፊት ሙሉ በሙሉ በሚታይበት። ስክሪኑ ከዚያ ወንበር በከፊል ብቻ ይታያል።

«የሚገዙት ኳስ መውደድህን አይደለም» አለችው። «ይገባሃል አይደል?»

«ሌሎቹስ የተገዙት ለምንድነው?» አላት። «ዋናው መገዛቴ ነው።»

«ሮቤራ ይቅር እስኪልህ ብትጠብቅስ?»

ኢዮስያስ ከማጣሪያው ወዲህ ወደ ወፍጮ ቤቱ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሷል። ይህን አልነገራትም። ፈረመ።

የመጀመሪያው ጨዋታ በነሐሴ ነበር፤ በአዲሱ የውድድር ዘመን ካስልሞርም ቅዳሜ ይጫወታል። አዲሱን ካፖርት ለብሶ ገባ፤ ሰዎች ትከሻውን ነኩት። ለአንድ አፍታ ደስታ የመሰለ ነገር ተሰማው። ሮቤራ ከመቀመጡ በፊት እስከ ኢዮስያስ ወንበር መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ያ ትልቅ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ለምን አደረግክብኝ ብዬ አልጠይቅህም» አለው። «አንድ ነገር ግን እወቅ። ያን ቀን ከጎርፉ ያወጣሃት አንተ ስለሆንክ፣ ሳስባት በአንተ እጅ ላይ ሆና ነው የማያት። ሌላ መልክ የላትም። አሁን አንተን እያየሁ እሷን ማሰብ አልችልም፣ ኢዮሲ። ሞክሬያለሁ።»

ሮቤራ ሄዶ ተቀመጠ።

በዚያ ቀን ካስልሞር ሦስት አገባ። ሮቤራ በሦስቱም አልተነሳም። በቀጣዩ ሳምንትም አልተነሳም። የዓይኑ ሽፋን እንኳ አልረጠበም። መስመሩ በመስከረም ዝቅ አለ፣ በጥቅምት ተኛ። ናሆም ሰው ልኮ አማከረው፣ የሲፈንን ፎቶግራፍ ወንበሩ ላይ እንዲያደርጉለት ሐሳብ አቀረበ። ሮቤራ ፎቶግራፉን አልሰጥም አለ። በጥር ለሽያጭ ቀረበ፤ ማንም አልጠየቀውም። በጥር መጨረሻ አምባሩ ተፈታ፣ ካፖርቱን አጥቦ መለሰ፣ ከየትኛውም ቤት ውጭ ሆነ። በከተማው እንደዚህ የሆኑ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰው ስለነሱ በሐዘኔታ ነው የሚያወራው።

የኢዮስያስም መስመር ወደቀ። ከፊቱ ባለው የሮቤራ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፣ ጥሩ ጩኸት ያለው የባንክ ዘበኛ፤ ኢዮስያስ ግን ለዚያ ሰው ምንም አልተሰማውም። ናሆም ትሕትናው ሳይጓደል የመስመሩ መውደቅ እንዳሳሰበው ነገረው።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ለደንበኛ መነጽር አድርሶ ሲመለስ በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፈ። እግሩ ነው የወሰደው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ከተማው ሁሉ ወደየቤቱ የሚሰበሰብበት ሰዓት። ወፍጮው አይሠራም። ሮቤራ በሩ ላይ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ከሁለት ሴቶችና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያወራል። አንደኛዋ ሴት የሆነ ነገር አለችና ሮቤራ ሳቀ። ድምፁ የድሮው አይደለም፤ አጠገቡ ላለ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ከዚያ ስለ ልጅቷ ማውራት ያዘ። ኢዮስያስ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ስሟን ሰማው፤ ሲፈን እንዲህ ብላ ነበር፣ ሲፈን እንዲህ አድርጋ ነበር ይላል፣ ልክ ትናንት እንደተለያት። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ማንም አያለቅስም።

ኢዮስያስ ቆሞ ቀረ። የክንዱ ደም ሥር ሲመታ ይሰማዋል። አምባሩ ሞቀ።

ሰኞ ናሆም ደወለለት። ቅዳሜ የት እንደነበረ ጠየቀው። ኢዮስያስ መቅረቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር ናሆም አቋረጠው፤ ይቅርታ አያስፈልግም። እንዲያውም ክለቡ ደስ ብሎታል። ከእንግዲህ በጨዋታ ሰዓት ወደ ቤቱ መምጣት ግዴታው አይደለም፤ ቅዳሜ የነበረበት ቦታ ላይ ቢቆም ይበቃል። ጭማቂም ሆነ ጥላ የሚያስፈልገው ከሆነ ይዘጋጅለታል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአንድ የቀለም መደብር ግድግዳ ሥር ይቆማል። ሮቤራ እንዳየው ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሮቤራ ፊቱን አዞረ። በመጋቢት አጋማሽ ላይ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ በርጩማ ይዞ ወጣ። በእጁ አቧራውን አራገፈ፣ ከራሱ ከረጢት ጎን፣ ከበሩ ጥላ ሥር አስቀመጠው። አልጠራውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ከመንገዱ ማዶ አየውና ወደ ወሬያቸው ተመለሰ።

መንገዱ ሰፊ አይደለም። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ኢዮስያስ ቢሻገር ምን እንደሚሆን አወቀ። ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ወሬዋን ከመጀመሪያው ትደግምለታለች፤ ልቡም ዝም ይላል። ልቡ ዝም ሲል መስመሩ ይተኛል። በሰኔ ደግሞ እንግሊዝ ሊወስዱት ነው፤ ፊቱን ግድግዳ ላይ የሚሥለው ሰው ፎቶግራፍ አንስቶታል።

አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ አወረደ። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ከኋላው ሌላ። እግሩን መለሰው።

በርጩማው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆየ። ሴቶቹ ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ፣ ሽማግሌውም ተነሳ። ሮቤራ ከረጢቱን አስገባ፤ ተመልሶ ወጥቶ በርጩማውን አነሳ፣ በሩንም ዘጋ።

በወሩ መጨረሻ የካስልሞር አዳማ ቤት የደጋፊዎች የደረጃ ዝርዝር ወጣ። ኢዮስያስ ደረጀ አንደኛ ነበር።